ደሾ ሣር በሐዋሳ፦ ከግንጣዩ እስከ ግርግሙ

ሐዋሳ ውስጥ ላም ያለው ሰው የበጋውን ወራት የሚገፋው ኪሱን እየዳበሰ ነው። ገለባው በጭነት መኪና ይመጣል፤ ፉርሽካው ሲወደድ እንጂ ሲረክስ አይታይም፤ ፋጉሎውም እንዲሁ። ጥጃ አስሮ የሚያግጡበት ክፍት ቦታም ዓመት በዓመት ቤት ይሠራበታል። ስለዚህ «ሣር ልትከል ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ቱላ ድረስ በየግቢው ይነሳል። ይተከል። ነገር ግን የትኛው ሣር፣ በምን ያህል መሬት ላይ፣ መቼስ ይታጨዳል የሚለው አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ያ ሁሉ ልፋት ከገለባ የማይሻል እንጨት ሆኖ ይቀራል።

ከታች ያለው አካሄድ አንድ ወይም ሁለት የተዳቀሉ ላሞች ላሉትና ከአጥር ጥግ እስከ 1000 ካሬ ሜትር ቦታ ማግኘት ለሚችል ሰው የተዘጋጀ ነው። ዋናው ሣራችን ደሾ ነው፤ ውሃ በሚደርስበት ቦታ ደግሞ የዝሆን ሣር ያግዘዋል።

ፋላሪስ ለምን አይሆንም?

አንዴ ተተክለው ለብዙ ዓመት ከሚቆዩት ሣሮች መካከል በዓለም ላይ ስመ ጥሮቹ የቀዝቃዛ አገር ሣሮች ናቸው። ፋላሪስ የሚባለው ወገን አንዱ ነው፤ ለመኖ የሚፈለገው አንዱ ዝርያው ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣ ሲሆን በእኛም ደጋ ተሞክሮ ለምዷል። ፌስቱካ ሌላው ነው፤ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘው የመንዙ ጓሳም ከዚሁ ወገን ነው። የእነዚህ ሣሮች ቅጠል ለስላሳ ነው፣ ላም በቀላሉ ትፈጨዋለች። ስለ እነሱ ያነበበ ሰው ዘራቸውን ፈልጎ ሐዋሳ ላይ መዝራት ቢያምረው አይገርምም።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። የቀዝቃዛ አገር ሣር በደንብ የሚያድገው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የሞቃት አገር ሣር ግን እስከ 30 እና 35 ዲግሪ ድረስ ይፈነጥዛል፤ ያንኑ ያህል መኖ ለማምረት የሚጠጣው ውሃም ያነሰ ነው። ሐዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የካቲትና መጋቢት ላይ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ይጠጋል። ፋላሪስ እዚህ ቢዘራ በክረምቱ ብቅ ይልና በበጋው ይመነምናል። ለአርቤጎናና ለሁላ ደጋ ሰው ቢመከር ግን ያስኬዳል።

ደሾ የአገራችን ሣር ነው፤ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ስም ጋር አብሮ ይነሳል። ከ1500 እስከ 2800 ሜትር ባለው ከፍታ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ሐዋሳ ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ብትሆንም ከዚህ ከፍታ አትወጣም። ሥሩ አፈር ጠፍሮ ይይዛል፤ የእርከን ሥራ ላይ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። የዝሆን ሣር በበኩሉ ከደሾ የበለጠ ሙቀት ይወዳል፣ ምርቱም ይበልጣል፤ ግን ማዳበሪያና ውሃ ሲጎድልበት ቶሎ ያኮርፋል።

የሞቃት አገር ሣር አንድ ዕዳ አለበት፦ ቶሎ ያረጃል። ዛሬ ለምለም የነበረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ አገዳ ያበጃል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ የምናነሳቸው ነገሮች ሁሉ የሚያተኩሩት ይህን ዕዳ በማጭድ አስቀድሞ መክፈል ላይ ነው።

1. ከመቆፈር በፊት ስሌት

400 ኪሎ ግራም የምትመዝን የምትታለብ ላም በቀን ከክብደቷ መቶኛ 3 ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ ይህም 12 ኪሎ ነው። እርጥብ ሣር ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ስለሆነ፣ በሣር ብቻ ትቀለብ ቢባል በቀን 60 ኪሎ መታጨድ አለበት። ግማሹን ከገለባ፣ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ካገኘች ግን 30 ኪሎ እርጥብ ሣር ይበቃታል። የምንነሳው ከዚህ ነው።

ደሾ እንደ አፈሩ፣ እንደ ዝናቡና እንደ አያያዙ በዓመት በሄክታር ከ30 እስከ 100 ቶን እርጥብ ሣር ይሰጣል። 1000 ካሬ ሜትር የሄክታር አንድ አሥረኛ ነው፤ ስለዚህ ከ3 እስከ 10 ቶን ያወጣል። በቀን 30 ኪሎ ሲሰላ ደካማው ምርት 100 ቀን፣ ጥሩው ደግሞ 11 ወር ገደማ አንዲት ላም ይይዛል። 200 ካሬ ቢሆንስ? በደካማው 20 ቀን፣ በጥሩው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን። «200 ካሬ ላይ ሁለት ላም ቀልቤ ከገለባ ተገላገልኩ» የሚልዎት ሰው ካለ ወይ ላሞቹ ፍየል ያክላሉ፣ ወይ ሌሊት ሌላ ነገር ያበላቸዋል።

ይህ ግን ትንሽ ቦታ ያለውን ሰው ተስፋ ማስቆረጥ የለበትም። ለጥጃና ለወለደች ላም ብቻ ለይቶ ማዋል፣ ወይም ክረምት ያፈራውን ለበጋ ማስቀመጥ ይቻላል። አጥር ጥግም መሬት ነው፦ 40 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር በሁለት መስመር፣ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቢተከል 320 እግር ይይዛል።

2. ግንጣይ ማግኘት

ደሾ የሚተከለው በዘር ሳይሆን በግንጣይ ነው፤ አንድ እናት እግር ተነቅሎ፣ ሥር ከነቡቃያው እየተከፈለ። ግንጣይ ከአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል፣ ከተፋሰስ ሥራ ቦታ ወይም ቀድሞ ከተከለ ጎረቤት ይገኛል። የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ መንገድ ያሳጥራል።

በመስመር መካከል 50፣ በእግር መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አንድ ካሬ ሜትር 8 ግንጣይ ይፈጃል፤ 1000 ካሬ 8000 ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግዛት ከባድ ነው፣ መግዛትም አያስፈልግም። የሚያዋጣው ጥር ላይ 800 ግንጣይ ብቻ ገዝቶ ውሃ ቅርብ በሆነ 100 ካሬ ላይ መትከልና ውሃ እያጠጡ ማብዛት ነው። እያንዳንዱ እግር እስከ ሰኔ አሥር ግንጣይ ያህል ከሰጠ ቁጥሩ ይሞላል። ካልሞላም ቀሪው መሬት በሚቀጥለው ዓመት ይተከላል፤ ሣሩ የብዙ ዓመት ስለሆነ አንድ ክረምት መዘግየት ብዙ አይጎዳም።

ጥር ላይ የሚገዛውን እናት እግር ሲመርጡ ዕድሜው ቢያንስ አንድ ዓመት የሆነ፣ ቅጠሉ ቢጫ ያልሆነ፣ ዙሪያውን አዲስ ቡቃያ ያወጣ ይሁን። መሃሉ የደረቀና የጠቆረ ከሆነ ከጠርዙ ብቻ ይውሰዱ። አገነጣጠሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሣሩን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይጨዱት። ቀጥሎ ዙሪያውን በዶማ ገብተው ከነሥሩ ያውጡት፤ በማጭድ ታች ቆርጦ ማንሳት ግንጣይ አያስገኝም። አፈሩን አራግፈው በእጅ ይሰንጥቁት፤ እምቢ ያለውን በገጀራ። እያንዳንዱ ግንጣይ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያና የራሱ ሥር ይኑረው። አንድ ቡቃያ ብቻ ያለው በዝናብ መሃል ይይዝ ይሆናል፤ ዝናቡ አንድ ሳምንት ከቀረ ግን የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው። የረዘመውን ሥር ወደ አንድ ጣት ርዝመት አሳጥሩት፤ ጉድጓድ ውስጥ ከሚጣጠፍ ቢቆረጥ ይሻለዋል።

የተገነጠለው በዚያው ቀን ቢተከል ነው የሚመረጠው። ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ በጥላ ሥር ይዋል፤ ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን። ፀሐይ ላይ በጋሪ ተጭኖ ሲዞር የዋለ ግንጣይ ከላይ አረንጓዴ መስሎ ሥሩ ደርቆ ይገኛል። ሲገዙ ሥሩን በጥፍር ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭና እርጥብ ከሆነ ደህና ነው።

3. ሰርዶን ማጥፋት

ማሳ ዝግጅት ሲባል ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ አርሶ ይጨርሳል። ሐዋሳ ላይ ግን ዋናው ጠላት ሰርዶ ነው። ሰርዶ ራሱ የብዙ ዓመት ሣር ነው፤ በተቆረጠ ቁጥር ከእያንዳንዱ አንጓው ይበቅላል። ክረምት ላይ አርሶ ማረም ማለት ቆራርጦ ማባዛት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁፋሮ ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ መሬቱ ደርቆ ፀሐዩ በጠነከረበት ጊዜ ይሁን። የክንድ ግማሽ ያህል ጠልቀው ይገልብጡ፣ የሰርዶውን ሥር በመንሽ ወይም በእጅ እየለቀሙ ከማሳው ያውጡ፣ የቀረውንም ፀሐይ ይቀቅለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገሙት። የሚተከለው ሣር አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ፣ እዚህ ላይ የተቆጠበ ሁለት ቀን በኋላ ያስከፍላል።

የአካባቢው አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ አሸዋ የሚበዛበት ነው፤ ለሥር ይመቻል፣ ውሃ ግን ቶሎ ያሳልፋል። የበሰበሰ የከብት ፍግ በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይደባልቁበት፤ ለ1000 ካሬ ከ10 እስከ 20 ኩንታል ይሆናል። ትኩስ ፍግ አይጨምሩ፤ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ መስመሩ ቁልቁለቱን አቋርጦ ይሂድ። ወደ ሐይቁ ዝቅ ብሎ ክረምት ላይ ውሃ የሚያቁር ቦታ ከሆነ ደግሞ ቦይ ይውጣለት፤ ደሾ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም።

4. ተከላ

የሐዋሳ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምራል፣ ሚያዝያና ግንቦት ይሰጣል፣ አንዳንዴ ያቋርጣል፣ ከዚያ ክረምቱ እስከ መስከረም ይቀጥላል። በበልግ መትከል ይቻላል፤ ውሃ ማጠጫ ላለው ሰው እንዲያውም ጥሩ ነው። በዝናብ ብቻ ለሚተማመን ግን ሰኔ ይሻላል፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ። አንድ ዶፍ ስለጣለ ብቻ አይተከልም። መሬቱን በዶማ ሲገልጡት አንድ ስንዝር ድረስ ካልራሰ ይታገሡ።

ገመድ ወጥረው በየ50 ሳንቲ ሜትሩ መስመር ያውጡ። በየ25 ሳንቲ ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ጉድጓድ ይቆፈር። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ይቀበር፣ የቡቃያው አንገት ከአፈሩ ጋር ይስተካከል። ከዚያ በተረከዝ ጠበቅ አድርገው ይርገጡ። ይህ ርግጫ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሥሩና በአፈሩ መካከል የቀረ አየር ግንጣይ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ነው። ተተክሎ ካለቀ በኋላ አንዱን በቅጠሉ ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ተነቅሎ ከወጣ ሠራተኛው አልረገጠውም።

ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ካለዎት በካሬ ሜትር 10 ግራም ሂሳብ፣ ለ1000 ካሬ 10 ኪሎ፣ ከመትከል በፊት በመስመሩ ውስጥ በትነው አፈር ያልብሱት። ሥር እንዳይነካ።

የዝሆን ሣሩን ውሃ ማጠጣት ለሚቻልበት ጥግ ይተዉት፤ ከቧንቧ ማፍሰሻ በታች ወይም ከበረት ማጠቢያ አጠገብ። የሚተከለው በአገዳ ቁራጭ ነው። ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ከበሰለ አገዳ መሃል ይቆረጥና ሁለቱ አንጓ ተቀብሮ አንዱ ከላይ እንዲቀር ሰያፍ ተደርጎ ይሰካል። የአንጓው አይን ወደ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የተገለበጠ ቁራጭ ጊዜ ይፈጅበታል። ርቀቱ በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በእግር መካከል ግማሽ ሜትር።

5. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ማሳውን ዞረው የሞተውን ይተኩ። ማረም ሁለት ጊዜ ይበቃል፦ አንዱ በወሩ፣ ሌላው ከሁለት ወር በኋላ። ከዚያ ወዲያ ሣሩ መስመሩን ሸፍኖ አረሙን ራሱ ያፍነዋል። ከአምስት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ዩሪያ በካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ወይም አፈሩ እርጥብ ሳለ ይበተን። አፈር ላይ ተበትኖ ዝናብ ያላገኘው ዩሪያ ከፊሉ አየር ላይ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ ከብት አይግባበት። በግ «ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት» ተብላ ትለቀቅና ገና ያልያዘውን ግንጣይ ከነሥሩ ትነቅለዋለች።

6. አጨዳ

ሥራው ሁሉ የሚለካው እዚህ ነው። የመጀመሪያው አጨዳ ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይሁን። ሣሩ ከዚያ በፊት ሲያምር ታይቶ ይቆረጥ ይሆናል፤ የላዩን እንጂ የታቹን አላየንም፣ ሥሩ ገና መሬት አልጨበጠም። ሰኔ መጨረሻ የተተከለ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው የቀን ቁጥር ሳይሆን የሣሩ ሁኔታ ነው። ደሾ ከጉልበት በላይ እስከ ጭን ሲደርስ፣ የታችኛው ቅጠል መቢጨት ሳይጀምርና ራስ ሳያወጣ ይታጨድ። አንዱን አገዳ በሁለት ጣት ያጥፉት፤ ያለ ድምፅ ከታጠፈ ጊዜው ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አርፍደዋል። የዝሆን ሣር ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ሲደርስ ነው። እስከ ሰው ቁመት ድረስ ቆሞ የሚታየው የዝሆን ሣር ሲጫን ብዙ ይመስላል፤ ላሟ ቅጠሉን በልታ አገዳውን ግርግም ውስጥ ትተዋለች፣ ባለቤቱም «ሣር አትወድም» ይላል።

መቶኛ 7 የሚለውን ቁጥር ይያዙት። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከዚህ ሲወርድ በላሟ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ራሳቸው ይራባሉ፤ ስለዚህ ሆዷ ሞልቶ ወተቱ ይቀንሳል። ያረጀ ደሾም ያረጀ የዝሆን ሣርም ወደዚህ ቁጥር ይወርዳል። በሰዓቱ የታጨደው ግን ከዚያ በላይ ነው።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለሚያጭድ ሰው ማሳውን በስምንት መክፈል ይመቻል። በየሳምንቱ አንዱን ክፍል ያጭዳሉ፤ ስምንተኛው ሲያልቅ የመጀመሪያው ስምንት ሳምንት ሞልቶት በዝናብ ወራት እንደገና ደርሶ ይጠብቃል። ያለዚህ አከፋፈል ሣሩ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ግማሹ ሳይበላ ያረጃል። የምርቱን ልክ ለማወቅም ከአንዱ ክፍል አንድ ካሬ ሜትር በገመድ ለክተው ያጭዱና ይመዝኑ፤ በክፍሉ ስፋት ሲባዛ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ይነግርዎታል።

ማጭዱ ይሳል። ደሾ ከመሬት 8 እስከ 10፣ የዝሆን ሣር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አስቀርቶ ነው የሚቆረጠው። አጫጅ ከቀጠሩ ይህን አስቀድመው በእጅዎ ያሳዩት፤ ብዙዎቹ ከመሬት አስተካክለው ሲላጩት የሥራ ጥራት ይመስላቸዋል። ሣሩ እንደገና የሚነሳው ግን በዚያች በቀረችው ጉቶ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው።

የመጨረሻው ሙሉ አጨዳ ከጥቅምት አጋማሽ አይለፍ። ከዚያ በኋላ ያለው ቅጠል ለሣሩ ራሱ የበጋ መሻገሪያ ነው፤ ኅዳር ላይ እስከ ታች የተላጨ ማሳ መጋቢት ላይ መሃል መሃሉ ራሰ በራ ሆኖ ይነሳል።

7. ማብላት

ሣሩ ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ተከትፎ ይቅረብ፤ ሙሉውን ሲጥሉላት እየጎተተች ትረግጠዋለች። ጠዋት በጤዛ የታጨደው ጥቂት ሰዓት ጠውለግ ይበል። ለአዲስ ሣር ላሟን ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ያላምዷት። ዩሪያ ከተበተነ ሦስትና አራት ሳምንት ሳይሞላ አያጭዱ። ረጅም ድርቅ አልፎ በመጀመሪያው ዝናብ ቦግ ያለውን ሣርም ለተራበች ከብት ብቻውን አይስጡ፤ በውስጡ ከብት የሚመርዝ ናይትሬት የሚከማችበት ጊዜ ነው፣ ማጠውለግም አያወጣውም። ገለባ አስቀድመው ሰጥተው በመጠን ይቀጥሉ።

ሣር ብቻውን ጥሩ አላቢ አያደርግም። ከአራት እጅ አንዱ የአተር ወገን የሆነ መኖ ቢሆን ለውጡ በወተቱ ይታያል። በደሾው መስመር መካከል ዴስሞዲየም፣ በአጥሩ ላይ ሰስባንያ ወይም ሉኪንያ ሐዋሳ ላይ ይሆናሉ። ሉኪንያ ሲበዛ ይጎዳል፤ ከመኖው ሲሶ አይለፍ። የእንሰት ቅጠል ካለ በጋ ላይ ይጨመር፤ ውሃና ለምለምነት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑንም አይናቁት።

እዚህ ላይ ስለ ጨፌው አንድ ነገር። ከሐይቁ ዳርና ከረግረጉ ታጭዶ በባጃጅ የሚመጣው ለምለም ነገር ርካሽ ነው፤ ብዙው ግን ሣር እንኳ አይደለም። ግንዱን በጣትዎ መካከል ያሽከርክሩት፤ ባለ ሦስት ጠርዝ ከሆነ ለበዓል ከምንጎዘጉዘው ከቄጤማ ወገን ነው፣ ለላም የሚሰጠው ትንሽ ነው። ከዚያ የሚከፋው ግን የጉበት ትል ነው። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውሃው ጠርዝ ላይ ባለው ተክል ላይ ይለጠፍና ከሣሩ ጋር ይበላል። ላሟ ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ መንጋጋዋ ሥር ያብጣል። የግድ መጠቀም ካለብዎት በፀሐይ በደንብ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ስጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄዶ መድኃኒቱን በወቅቱ መስጠትም አይቀርም።

8. የወሰዱትን መመለስ

በእያንዳንዱ አጨዳ ናይትሮጅን ከመሬቱ ተጭኖ ወደ በረት ይሄዳል። ካልተመለሰ ሣሩ በሦስተኛው ዓመት ቢጫ ይሆናል፣ «ሣሩ አረጀ» ይባላል፤ የተራበው ግን አፈሩ ነው። ከየአጨዳው በኋላ የበሰበሰ ፍግ በመስመሩ መካከል ይበተን። የበረቱ እጣቢ ከነሽንቱ በቦይ ወደ ዝሆን ሣሩ ቢለቀቅ ዩሪያ ያስቀራል። ዩሪያ መግዛት ከተቻለ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከአጨዳ በኋላ፣ እርጥበት ሲኖር።

9. ለበጋ ማስቀመጥ

ሁለት መንገድ አለ። ደሾ ለድርቆሽ ይሆናል፦ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲበረታ ታጭዶ በስሱ ተዘርግቶ፣ በቀን ሁለት ጊዜ እየተገለበጠ፣ ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ይደርቃል። ጭብጥ አድርገው ሲያጣምሙት ጠብታ የማያወጣና ገና የማይሰባበር ሲሆን ይነሳል። ማሰሪያ ማሽን አያስፈልግም፤ ርዝመቱ 85፣ ወርዱ 55፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ታችና ላዩ ክፍት የእንጨት ሳጥን ያሠሩ። ገመድ አስቀድመው ዘርግተው፣ ሣሩን ረግጠው ሞልተው ሲያስሩት 20 ኪሎ ገደማ እስር ይወጣል። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ይከመር።

ሁለተኛው ሳይሌጅ ነው፤ ለዝሆን ሣር የሚስማማው ይህ ነው፣ አገዳው ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ አይደርቅም። የሲዳማ ሰው ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ አየር ከልክሎ እንደሚያብላላው ያለ ሥራ ነው። ሣሩ ግማሽ ቀን ጠውልጎ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይከተፋል። ለ50 ኪሎ ክትፍ አንድ ኪሎ ተኩል ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) በእጥፍ ውሃ ተበጥብጦ እየተረጨ ይታሻል። ከዚያ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በየሽፋኑ በእግር እየተረገጠ ይሞላል፤ አየሩ ወጥቶ አፉ ጠብቆ ይታሰራል። ጥላ ውስጥ፣ አይጥ በማይደርስበት ይቀመጥ። ከአንድ ወር በኋላ ሲከፈት ቢጫ የመሰለ አረንጓዴና ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ካለው ተሳክቷል። የሻገተውንና የጠቆረውን ይጣሉ፤ ለላም አይሰጥም። የተከፈተ ከረጢት በጥቂት ቀን ውስጥ ያልቅ ዘንድ ትልቅ ከረጢት አይጠቀሙ። ከታለበች በኋላ ይስጧት፤ በአለባ ሰዓት አጠገቧ ከተቀመጠ ወተቱ ሽታውን ይወስዳል።

10. በሽታና እድሳት

ደሾ ብዙ በሽታ አያጠቃውም። የዝሆን ሣር ላይ ግን ከአጨዳ በኋላ ቅጠሉ አንሶና ቢጫ ሆኖ ድንክ የሚሆን እግር ካዩ መድኃኒት አይፈልጉለት፤ ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉ፣ ከዚያ ማሳም ቁራጭ ለማንም አይስጡ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ደሾው ይጨናነቃል፣ የእግሩም መሃል ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰኔ ላይ አንድ መስመር እየዘለሉ ነቅለው፣ ከየጠርዙ ደህናውን ግንጣይ መርጠው እዚያው ፍግ ጨምረው መልሰው ይትከሉ። የተረፈው ለገበያ ነው፤ አንድ ጠንካራ እግር ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣል። ሲሸጡ በጆንያ አይስማሙ፣ በቁጥር ይሁን፤ ሃምሳ ሃምሳ አድርገው በሥሩ በኩል ይሰሩት፣ ውሃ ይርጩበት፣ ገዢው ከመጫኑ በፊት አንዱን እስር ፈትቶ እንዲቆጥር ይጋብዙት።